ሙጠላ፣ ደኘቀ፣ ቲፋሮ

ባጃጁ ማራኪ አውርዶኝ ሲመለስ፣ በሮቹን ቆጠርሁ፤
ሦስተኛው፣ አረንጓዴው፣ እጀታው የላላ።
ከበላዩ የተጻፈ አለ፤ እሱን ተውሁ።
ባለፈው ወርም ልጄን ይዤ
የገባሁት በዚሁ ምልክት ነው።

ማስተዋል ነው የልጄ ስም። የክፍል መምህሯ ግን
«አታስተውልም» ብሎ ጻፈ አሉኝ፣ በደብተሯ ጠርዝ፣ በቀይ።
ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
የሰው ገመና እንደምታይ።

ያን ቀን አትጠገብ፣ መርማሪዋ፣ ገና ልጅ እግር፣
ብዕሯን አንስታ ጠየቀችኝ አንድ ነገር፦
«ከቤተሰብ ማንበብ የሚቸግረው ሌላ ሰው ነበር?»
«አባቷ» አልሁ። «ነፍሱን ይማረውና።»
ሙት ወቀስሁ! ያውም ጋዜጣ ከዳር እዳር
እየጮኸ ያነብልኝ የነበረን ሰው፣
የሐዘን ማስታወቂያ ሳይቀር።

ዛሬ ብቻዬን መጣሁ። «እኔን መርምሪኝ» አልኋት።
አልገረማት፤ ወይ ደብቃው ይሆናል።
የሩጫ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ ቅዳሜ ገበያ ባለ መኪና፣
እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ተማሪ ሆንሁ እንደገና።

አዘዞ፣ ሁለተኛ ክፍል፣ መጽሐፉን በጆሮዬ ነበር የያዝሁት፣
ከጎኔ እንዬ ስታነብ እየሰማሁ የሸመደድሁት።
አንድ ቀን መምህሩ ቀስ ብለው ገጹን ገለበጡት፤
እኔ የቀደመውን ገጽ፣ አራት ነጥቡን ሳልስት፣ ተወጣሁት።
ያን የክፍሉን ሳቅ
ዛሬም ከመኪናዬ ድምፅ ሥር እሰማዋለሁ።

«ሰበረ በይ» አለችኝ አትጠገብ። «ሰበረ።»
«ከመሀል ‹በ›ን ብታወጪው፣ ምን ቀረ?»
ይኼማ ስፌት ነው! መሀሉን ተረተርሁ፣
ጫፍና ጫፉን ገጥሜ ጠቀምሁ፤
«ሰረ» አልኋት። ዘገየሁ እንጂ አልሳትሁም።
ሰዓቷ ግን አልጠበቀኝም።

ቀጥላ ካርድ ዘረጋች። «እነዚህ ቃላት ትርጉም የላቸውም፣
እንዲያው የተጻፈውን በይ፤ ማንም አያውቃቸውም።»
ሙጠላ። ደኘቀ። ቲፋሮ።
ሳቄ መጣ፤ መጣና እንባዬን ቀደመው፤
ለካ ለእኔ ቃል ሁሉ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው!
የኪራይ ውሉ፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ የፒያሳው ሱቅ ስም፣
የባሌ መቃብር ላይ የተቀረጸው፣ ሁሉም፦
ሙጠላ፣ ደኘቀ፣ ቲፋሮ።

«ታዲያ ሥራሽን በምን ትይዥዋለሽ?» አለች።
ከቦርሳዬ ክር አወጣሁ።
ቀዩ ቅዳሜ የሚወሰድ፣ ሰማያዊው ቀብድ የከፈለ፣
ሁለት ቋጠሮ ደረተ ሰፊ፣ ነጩ አሰፍቶ ያልከፈለ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የአንዷን ቀሚስ ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም።
ይህን የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደምትጽፈው፣ አትጠገብም አላወቀችም።

ስትጨርስ «ስንፍና አይደለም» አለችኝ፤ ስሙንም ነገረችኝ።
ዲስሌክሲያ።
የሩቅ አገር ሴት ስም ይመስላል፤
ቀሚስ አሰፍታ፣ ሳትወስድ የቀረች።

«እንግዲያው» አልሁ፣ «ባለፈው የጻፍሽውን፣ ያን ‹አባት› የሚለውን፣ ሰርዥልኝ።»
ምንም ሳትጠይቅ ሰረዘች፤ ከላዩ አጭር ቃል አኖረች።
ከጠረጴዛው ማዶ፣ ተዘቅዝቃ፣ አየኋት።
«በየትኛው ‹እ› ነው?» አልሁ።
ብዕሯ ቆመ። «ኧረ... እኔም ይምታታብኛል» አለች።
ያን ጊዜ አብረን ሳቅን።

ውጤቱን በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። ሁለት ገጽ።
የተጻፈ! እንግዲህ ምን ይደረግ?
ዛሬ ማታ ከማስተዋል ጋር እንይዘዋለን፣
እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣
መሀል ላይ እስክንገጥም፤
መብራት ካልጠፋ።